የዲኤክሷ ወራሽ

ጎንደር፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ የቁስቋም በዓል ስለነበረ እናቴን ከአዘዞ አምጥቼ ዳገቱን አወጣኋት። ስንመለስ ፒያሳ አካባቢ መንገዱ ተጨናንቆ ነበርና በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሠራው ሃይብሪድ መኪናችን እንደ ልማዷ ሞተሯን አጥፍታ በባትሪ ብቻ ቀስ እያለች ስትሳብ፣ እናቴ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ «ደግሞ ጠፋችብህ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። እኔም ሁልጊዜ «አልጠፋችም እማ፣ እየሠራች ነው» እላታለሁ፤ እሷ ግን ዝም ትላለች እንጂ አታምነኝም። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው በእናቴ ለመሳቅ የሚያበቃ ነገር አላገኘሁም። መኪናን የማውቀው በጆሮዬ ስለነበር፣ ይህችን ድምፅ የሌላትን መኪና ለማመን እኔም ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

አባቴ ትቶልን የሄደው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነበረች። አባቴ መካኒክ አልነበረም፤ ነገር ግን መኪናዋ በር ላይ ስትነሣ ከመኝታ ቤቱ ሆኖ «ዛሬ በሦስት ሲሊንደር ነው የምትሠራው» ወይም «ቺንጋው ላልቷል» (የሞተሩ ቀበቶ ማለቱ ነው) ይል ነበር፤ ሲታይም አብዛኛውን ጊዜ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ከመተማ ቆላ ወደ ጎንደር ሲመለስ ደግሞ መንገድ ዳር ይቆምና ካርቡራተሯን በካቻቢቴ ያስተካክል ነበር፤ ቆላ ላይ ልክ የነበረው የቤንዚንና የአየር ምጣኔ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጠው ከተማችን ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቤንዚኑ ይበዛና ጭሷ ይጠቁራል። ይህን ሁሉ የተማርኩት አጠገቡ ቆሜ እየሰማሁ ነው።

ዲኤክሷን እንድንሸጥ ያስገደደን ብልሽት አይደለም፤ ለብልሽቷማ በየመንደሩ መድኃኒት ነበራት። ያስገደደን ሰልፍ ነው። የነዳጅ ቦቴ በዘገየ ቁጥር ሰልፉ ከማደያው ይወጣና ዋናውን መንገድ ይይዛል፤ እኛም ከባጃጆቹና ከሚኒባሶቹ መካከል ገብተን ተራ እንጠብቃለን። አንድ ሌሊት ጋቢ ደርቤ ጋቢና ውስጥ አድሬ፣ ጠዋት ልክ ተራዬ ሊደርስ ሁለት መኪና ሲቀረው ቤንዚን አለቀ ተባልኩ። በሒሳብ ሥራ የምትተዳደረው ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ደብተር አውጥታ «የቤንዚኑን ዋጋ ለጊዜው ተወው፤ ባለፈው ወር ሰልፍ ላይ የቆየኸውን ስደምረው 31 ሰዓት ሆኗል» አለችኝ። ለእኔ መኪና የመቀየሩ ጉዳይ የተጀመረው ያን ዕለት ነው። የምንፈልገው ማደያ ደጃፍ ላይ አልፎ አልፎ ብቻ የምትታይ መኪና ነበር፤ ዲኤክሷ ደግሞ በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ሊትር ትጠጣለች።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪናም አስበን ነበር። ይሁን እንጂ የምንኖረው ቆጣሪ ከሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ጋር በምንጋራበት ግቢ ውስጥ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እንጀራ መጋገሪያው ምጣድ እንኳ ተራ ይጠብቃል። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እዚያ ደርሶ ለመመለስ በየመንገዱ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ መፈለግ የቤተሰብ ጉዞ አይሆንም። ሃይብሪድ ግን ሶኬት አይፈልግም፤ ባትሪውን የሚሞላው ራሱ ሞተሩና ቁልቁለቱ ነው። ጎንደር ደግሞ ከቁልቁለት በቀር ምን ሞልቷት!

ስለዚህ ዲኤክሷን ሸጠን፣ ባለቤቴ የገባችበት ዕቁብ ሲደርሳት ጨምረንበት፣ የጎደለውን ከወንድሟ ተበድረን በጥር 2015 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 2010 የተሠራች ቶዮታ ፕሪየስ ባሕር ዳር ላይ ገዛን። የ13 ዓመት መኪና ገዛሁ ስል የሚገረምብኝ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የጣለው ታክስ ከባድ ስለሆነ፣ ቀድመው አገር ውስጥ የገቡት አሮጌ መኪኖችም ዋጋቸው አብሮ ተሰቅሏል።

ደላላው ስለ ቤንዚን ቁጠባዋ ብቻ ያወራል፤ ስለ ባትሪው ስጠይቀው «እሱ አያሳስብህ» ይለኛል። አያሳስብህ ሲባል የሚያሳስበው ያ ነገር መሆኑን ከዲኤክሷ ዘመን ጀምሮ አውቃለሁና፣ በዚህ ሥራ የሠለጠነ አንድ ወጣት በሰው በኩል አገኘሁ። ልጁ ትንሽ መሣሪያ ከመሪው ሥር ሰካና በስልኩ የባትሪውን ውስጥ ያነብ ጀመር። ትልቁ ባትሪ የ28 ትንንሽ ክፍሎች ስብስብ ሲሆን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በ14 ቡድን ይነበባሉ። ቆማ ስትታይ ሁሉም እኩል ይመስላሉ፤ የደከመው የሚታወቀው ጭነት ሲበዛበት ነው። ስለዚህ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አውጥተን ዳገቱ ላይ ነዳጁን እየረገጥኩ እሱ ቁጥሮቹን ይከታተል ነበር፤ «ጋሼ፣ ልዩነታቸው ጠባብ ነው፤ ጥቂት ዓመት ያስኬድዎታል» አለኝ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን ሁለታችንም አላየነውም፤ ባየነውም አናምነውም ነበር። የስም ማዛወሩ ነገር ረጅም ቢሆንም ለመናገር የሚያበቃ አይደለም።

ጎንደር እንደገባሁ መጀመሪያ የወሰድኳት ወደ አባቴ የቀድሞ መካኒክ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ዲናሞው የታለ?» አለኝ። የላትም አልኩት። «ሞተሪኖውስ?» ሞተር ማስነሻውም የላትም። ፍሪሲዮን የላትም፤ ቺንጋ የሚባል ነገርም አንድ እንኳ የላትም፤ የራዲያተሩን ውኃ የሚገፋው ፓምፕ ሳይቀር በኤሌክትሪክ ነው የሚዞረው። ሞተሩን የሚያስነሡት፣ ባትሪውን የሚሞሉትና ጎማውን የሚያዞሩት ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሲሆኑ፣ ከ1.8 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር ጋር በአንድ የጥርስ ስብስብ ተያይዘዋል፤ እንደ ለመድነው ካምቢዮ ማርሽ የሚቀያይር ነገር በመካከላቸው የለም። ሽማግሌው እጁን ወደ ብርቱካናማዎቹ ወፋፍራም ሽቦዎች ሲሰድድ ደንግጬ ያዝኩት፤ ባትሪው ራሱ ከ200 ቮልት በላይ ነው፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሮቹ እንዲስማማ የሚቀይረው ኢንቨርተር ደግሞ እስከ 650 ቮልት ያደርሰዋል። እጁን ሰብስቦ «እንግዲህ አባትህ ይህችን ምን ብሎ ይሰማት ነበር?» አለ። የዘይት ቅየራና የጎማ ሥራ ካልሆነ በቀር ሌላ እንደማይነካ በዚያው ነገረኝ፤ አልቀየምኩትም። እነካለሁ ብሎ የሚያበላሽ ሰው ብዙ ነውና።

አነዳዷን ለመማር ብዙ ወራት ፈጀብኝ። ከከተማ ወደ አዘዞ ስወርድ በፊት እንደለመድኩት ፍሬኑን ዘግይቼ ድንገት እይዝ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሥራው ለፍሬን ሸራው ይቀራል፤ የቁልቁለቱም ጉልበት በሙቀት ይባክናል። ቀደም ብዬ ለስለስ አድርጌ ስይዘው ግን ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ተገላብጦ ጄኔሬተር ይሆንና ባትሪውን ይሞላል። ሆኖም ባትሪው ትንሽ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይሞላና ሌላ አልቀበልም ይላል። ያን ጊዜ ማርሹን «ቢ» በተባለው ላይ አደርገዋለሁ፤ የቤንዚኑ ሞተር ያለ ነዳጅ እየዞረ መኪናዋን ይይዛታል፤ እናቴ ድምፁን የምትሰማውና ደስ የሚላትም እዚህ ጋ ብቻ ነው። ስንመለስ ዳገቱን የወጣንበት ጉልበት ከፊሉ ስንወርድ ያጠራቀምነው ነው። በእኛ ከፍታ ማንኛውም ተርቦ (አየር አስገድዶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ካለው አቅም ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አያደክመውም። አባቴ በካቻቢቴ ይታገለው የነበረውን ነገር ይህች ያለ ቃል ታልፈዋለች።

ባለቤቴ የገዛችልኝ ደብተር ላይ ሁሉንም እጽፋለሁ። ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 17 ሊትር ገደማ፤ በከተማ ውስጥ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረሱን፣ ገበያውንና አዘዞን ጨምሮ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ5 ሊትር ተኩል እስከ 6። ስንገዛት ቤንዚን በሊትር 60 ብር አካባቢ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የሰልፉ ነገር ነው፤ 45 ሊትር የሚይዘው ጋን አንዴ ከሞላ ለእኛ ኑሮ ከወር በላይ ይሄዳል።

ክፉዋንም ልጻፍ። ሆዷ መሬት ስለሚነካ ኮብልስቶኑ በፈረሰበት መንገድ እንደ እባብ ማጠፍ ግድ ነው፤ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ወደ ገጠር ለቅሶ ለመሄድ የሰው መኪና እለምናለሁ። ዝምታዋም ችግር አለው፤ አራዳ ገበያ አጠገብ ሰውም አህያም ከኋላው መኪና መኖሩን አይሰማም፤ ጥሩንባ ብነፋ ስድብ ይሆናል፣ ባልነፋ ደግሞ አንድ ቀን ሰው እነካለሁ ብዬ እፈራለሁ። አምና በዚሁ በቁስቋም በዓል ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ሞተችብኝና ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ሳለ መኪናዋ አልነሣም አለች፤ ኮምፒውተሯን የምታስነሣው ያቺ ትንሿ ናትና። ትንሿ ባትሪ የምትቀመጠው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ የዕቃ መጫኛው በር ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው። ድፎ ዳቦው ከውስጥ፣ እኛ ከውጭ! ከፊት በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ከሌላ መኪና መብራት የሚበደሩበት ቦታ እንዳላት ያወቅኩት፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ እየመከረኝ አንድ ሰዓት ከቆምኩ በኋላ ነው።

ትልቁ ጥፋት ግን የእኔው ነው። ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ተቀምጦ በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ አየሩን የሚስበው ከወንበሩ በስተቀኝ ባለች ትንሽ ወንፊት በኩል ነው። በዚያ በኩል የምትቀመጠው ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይነፍሳል፤ ይጮኻል» ትለኝ ነበር። እኔ ከፊት ሆኜ ምንም ስለማልሰማ የመንገድ ድምፅ ነው እያልኩ ለሳምንታት ዝም አሰኘኋት። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከአዘዞ ስንመለስ የማስጠንቀቂያው ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። የባሕር ዳሩ ልጅ ከ28ቱ ክፍሎች የሚተካውን አንዱን በፌስታል ይዞ በሕዝብ ማመላለሻ መጣልኝና ወንበሩን ሲያነሣ፣ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ በበጋው አቧራና በጋቢ ብናኝ ታፍኖ አገኘነው። እናቴ በሄደች ቁጥር የምትደርበውን ጋቢ አጥፌ የማስቀምጠው ወንፊቷ ላይ ነበር። ማራገቢያው የጮኸው ሙቀቱ ስለበዛበት ነው። «ቀድመው ሰምተውት ቢሆን ክፍሉ ባልሞተ ነበር» አለኝ ልጁ። የሰማስ ሰው ነበረ።

በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ከተነገረ ወዲህ ደላሎች በራችንን ማንኳኳት አላቆሙም፤ ከገዛንበት እጥፍ የሚሰጥም መጥቷል። ባለቤቴ ደብተሯን አውጥታ ሁለት ቀን ከደመረች በኋላ አይሸጥም አለች። የቀሩት ክፍሎች እድሜያቸው አንድ ስለሆነ ተራ በተራ መድከማቸው አይቀርም፤ ስለዚህ አዲስ ዕቁብ ገብተናል፤ ሲደርሰን ባትሪውን በሙሉ እንቀይራለን። እስከዚያው በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት ወንፊቷን በጥርስ ብሩሽ አጸዳለሁ፤ ጋቢው የሚቀመጠው እናቴ ጉልበት ላይ ነው።

ቅዳሜ ማታ እናቴን አዘዞ አድርሰን ስንመለስ ልጄን ዛሬስ ትጮኻለች ወይ አልኳት። ጆሮዋን ወንፊቷ ላይ ለጥፋ ዳገቱን እስክንጨርስ ከቆየች በኋላ «ትንሽ፤ ሰው ቀስ ብሎ ሲያወራ ያህል» አለችኝ። ደብተሬ ላይ ከኪሎ ሜትሩ አጠገብ እንዳለችው ጻፍኩት።