ከጎንደር እስከ ጁፒተር ጥናት፦ ማንም ያልነገረኝ የትራንስክሪፕት ጣጣ

የሩቅ ፕላኔቶችን ለማጥናት ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል የሚል ምክር ጎንደር ውስጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አያስፈልግም። ጁኖ የተባለችው መንኮራኩር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ጁፒተርን መዞር ከጀመረች ወዲህ የምትልከው መረጃ ከወራት በኋላ ለማንም በነፃ ስለሚለቀቅ፣ እኔም አዘዞ ባለው ቤታችን መብራት በማይጠፋበት ሌሊት እያወረድኩ ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መተንተን ጀመርኩ። አዮ የተባለችው ጨረቃ በእሳተ ገሞራዎቿ ምክንያት በየሰከንዱ አንድ ቶን ያህል ቁስ ወደ ጁፒተር መግነጢሳዊ ከባቢ ትለቃለች፤ የማጠናው ይህ ቁስ ፕላዝማ (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ጋዝ) ሆኖ የሚያደርገውን ጉዞ ነው። ፊዚክስ ተመረቅሁ፣ ለፒኤችዲ አሜሪካ አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ማኅተም ያለበት የውጤት ዝርዝር) ከተማርኩበት ተቋም በቀጥታ ይላክልን አሉ። ሬጅስትራሩ የወጪ መጋራት ክሊራንስ ጠየቀኝ፤ ደንብ ነውና አልተከራከርኩም። ልከፍል ስሄድ ግን የፈረምኩት የወጪ መጋራት ውል ከፋይሌ ውስጥ የለም ተባልኩ፤ ውሉ ካልተገኘ ዕዳው አይታወቅም፣ ዕዳው ካልታወቀ አይከፈልም፣ ካልተከፈለ ደግሞ ትራንስክሪፕት የለም። ራሳቸው አስፈርመው ያስቀመጡትን ሰነድ «አንተ አምጣ» መባሌ ዛሬም ያንገበግበኛል። ኃላፊው አንድ ቀን ስብሰባ፣ ሌላ ቀን መስክ ናቸው፤ ሲገኙም «ነገ ተመለስ» ይሉኛል። ከ580 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተለካ መረጃ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳነብ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ቢሮዎች አንድ ወረቀት መቀባበል አቃታቸው። በመጨረሻ መዝገብ ቤት ያሉ እናት፣ «ልጄ፣ ስምህ ከሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ጋር ተደባልቆ እንዳይሆን» ብለው ፈልገው አገኙልኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ነገር ግን ሴሚስተሩ አልፎኝ ነበር።

ስለዚህ ገና ተማሪ ሳላችሁ ማኅተም ያለበትን የውሉን ቅጂ በእጃችሁ ያዙ። «ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሳይወጣ አታመልክቱ» የሚለውን የአማካሪዎች ቃል ግን አትስሙ፤ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከቻ ተራ ቅጂ ይቀበላሉ፣ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው።

ስለ ምርምር ርዕስ ምርጫም አስተያየቴ ከብዙዎች ይለያል። ኢሮፓ ክሊፐር እና ጁስ የተባሉት መንኮራኩሮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2030 እና በ2031 እንደ ቅደም ተከተላቸው ጁፒተር ይደርሳሉ ተብሎ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። ገና ያልደረሰ መንኮራኩር ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ መመሥረት አደገኛ ነው። በእጅ ያለ የቆየ መረጃ ግን ሞልቷል፦ ቮያጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር በ1986 ዩራነስን፣ በ1989 ኔፕቱንን ስታልፍ የለካችው ጥቂት መረጃ ዛሬም እንደገና እየተመረመረ ነው፤ ከሽክርክሪቱ ዛቢያ 59 ዲግሪ ያህል ያዘነበለው የዩራነስ መግነጢሳዊ መስክም ለጀማሪ በቂ ሥራ ይሰጣል።