ፖርቱን ማን ያዘው?

ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከአንዲት የሙቀት መለኪያ ቦርድ ጋር ስጣላ አመሸሁ። ቦርዷ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር በኬብል ወደ ኮምፒውተሬ ትልካለች፤ ቁጥሩ የሚገባበት በር ሲሪያል ፖርት ይባላል። 23.4 ማለት ሲገባት አንዴ 23 ብላ ታቆማለች፣ አንዴ .4 ብቻ ትልካለች፣ አንዳንዴ ጭራሽ ዝም።

የሥራ ባልደረባዬ «ኬብሉን ቀይሪው» አለኝ። የእሱ መድኃኒት ሁሌም ኬብል ነው። ቀየርኩት፣ ያው ነው። ባውድ ሬቱን፣ ማለትም ዳታው የሚላክበትን ፍጥነት፣ አየሁ፤ በሁለቱም በኩል 9600። ደግሞ ባውድ ሬቱ ቢለያይ ኖሮ የሚመጣው ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ነበር። እኔ ጋ የሚደርሱት ቁጥሮች ግን ጥርት ያሉ ናቸው፤ ጎደሎ ብቻ። ይህን ቀደም ብዬ ልብ ብዬው ቢሆን በጊዜ እተኛ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሬ በሚሠራበት ሲስተም፣ ሊኑክስ ላይ፣ አንድን ሲሪያል ፖርት ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሊከፍቱት ይችላሉ። ፖርቱን ለብቻዬ ብሎ የቆለፈ ከሌለ «ተይዟል» የሚላችሁ የለም። የሚመጣው ዳታ ግን ለሁለቱም አይባዛም። ቀድሞ ያነበበ ይወስዳል። አንዱ 23ን፣ ሌላው .4ን።

እኔ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ፓይሲሪያል (ከሲሪያል ፖርት ጋር የሚያነጋግር የፓይተን ቋንቋ መሣሪያ) የፖርት ዝርዝር ነበር። ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 የሚባል ፖርት አለ፣ የቦርዷ ዩኤስቢ ቺፕም ሲኤች 340 ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ይህ ዝርዝር የቤቶቹን ቁጥር እንጂ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ አይናገርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ያሉ ፖርቶች» እና «የተከፈቱ ፖርቶች» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ለሁለተኛው ጥያቄ ኤል ኤስ ኦ ኤፍ የሚባል አሮጌ ኮማንድ አለ። የፖርቱን ስም ስትሰጡት የከፈተውን ፕሮግራም ስምና ቁጥር ያወጣል። ሞከርኩት። አንድ መስመር ብቻ፤ እሱም የራሴ ተርሚናል ፕሮግራም። ተስፋ ልቆርጥ ስል ሱዶ (ኮማንድን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ቃል) ጨምሬ ደገምኩት። ሁለተኛ መስመር ብቅ አለ፤ ፓይተን፣ ባለቤቱ ሩት፣ ማለትም አስተዳዳሪው። ያለ ሱዶ የሌላ ተጠቃሚ ፕሮግራም የከፈተውን ማየት አይቻልም። ደግሞ «ማየት ያልቻልኩት ነገር አለ» ብሎም አልነገረኝ። ዝም ነው ያለኝ።

ያ ፓይተን ምን መሰላችሁ? እሑድ ዕለት ሙቀቱን ፋይል ላይ እንዲመዘግብ ብዬ እኔው ራሴ በሱዶ ከጀርባ ያስነሳሁት ስክሪፕት። ፋይሉን ስከፍተው የጠፉብኝ .4ዎች በሙሉ ተሰልፈው ቁጭ ብለዋል።

ባልደረባዬ ዊንዶውስ ተጠቃሚ ነውና ሳቀብኝ። እውነት ነው፣ እዚያ ሁለተኛ ከፋች አይፈቀድም፤ «አክሰስ ዲናይድ» (አልተፈቀደም) ይላል፣ አለቀ። ግን ማን እንደያዘው አይነግርም። የትኛው ፕሮግራም ምን እንደከፈተ የሚያሳየው ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ውስጥ ገብታችሁ በፖርቱ ስም፣ ኮም 3 ብላችሁ፣ ብትፈልጉም ላታገኙት ትችላላችሁ። ምክንያቱም ሲስተሙ በውስጥ የሚያውቀው በሌላ ስም ነው፤ ሲሪያል 0 ወይም ዩኤስቢሰር 000 በመሰለ። የትኛው ስም የየትኛው ኮም እንደሆነ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር ማኅደር ውስጥ ሲሪያልኮም የሚባለው ቦታ ተጽፏል። ይህን ስነግረው ሳቁ ትንሽ ቀነሰ።

እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝና በነጋታው የራሴን ትንሽ መሣሪያ ጻፍኩ። ሠላሳ መስመር ቢሆን ነው። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ እየሠራ ላለ ፕሮግራም ፕሮክ በሚባል ቦታ ውስጥ አንድ ፎልደር አለው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ኤፍ ዲ የሚባል ፎልደር አለ፤ ፕሮግራሙ የከፈተው ፋይል ሁሉ እንደ ሊንክ (ወደ ፋይሉ የሚጠቁም ስም) ተደርድሯል። መሣሪያዬ እየዞረ ሊንኮቹን ያነባል። ወደ ሲሪያል ፖርት የሚያመለክት ሲያገኝ የፖርቱን፣ የፕሮግራሙንና የባለቤቱን ስም ያትማል። ያለ ሱዶ ካስነሱት ደግሞ መጀመሪያ ላይ «ሁሉን አላይም» ብሎ ይናገራል። እሱ መስመር የቂም መስመር ነው።

አንድ ነገር ግን አምልጦኝ ነበር። ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ስሰካው ቦርዷ ቲቲዋይ ዩኤስቢ 1 ሆና መጣች። አንድ ቦርድ ብቻ ነው ያለኝ፤ 0 የት ሄደ? አንድ ፕሮግራም የሞተውን 0 አሁንም አልለቅም ብሎ ይዞታል። ቁጥሩ እስኪለቀቅ ድረስ ለአዲሱ አይሰጥም። የእኔ መሣሪያ ግን ምንም አላሳየኝም። በእጄ ሄጄ ሊንኩን ሳየው ከስሙ ኋላ በቅንፍ «ዲሊትድ»፣ ማለትም ተሰርዟል፣ የሚል ተጨምሮበታል። እኔ ስሙ ልክ አንድ ዓይነት እንዲሆን ነበር የምጠይቀው፤ ስለዚህ ዘልሎት አልፏል። አሁን የስሙን መጀመሪያ ብቻ እንዲያይ አስተካከልኩት፤ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ «የተነቀለ» ብሎ ያትማል።

ዛሬ ጠዋት ሳስኬደው ሁለት «የተነቀለ» አወጣ። ሁለቱም የእኔ ናቸው።