ኮርዶባና አጫጭሮቹ ምሰሶዎች

ዛሬ የስፔን ታሪክ ክፍላችን ኮርዶባ ዋለ። በፎቶ ማለቴ ነው፤ ለጉዞ የሚሆን ብር ከየት ይመጣል! መምህራችን የታላቁን መስጊድ የውስጥ ምስል ስክሪኑ ላይ ከፍታ ዝም አለችን። የምሰሶ ጫካ በሉት። በላዩ ቀይና ነጭ ቅስት፣ በቅስቱ ላይ ደግሞ ሌላ ቅስት።

ድርብ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ785 አካባቢ የኮርዶባው ሙስሊም ገዥ ቀዳማዊ አብዱረህማን መስጊዱን ሲያስጀምር፣ ግንበኞቹ ብዙዎቹን ምሰሶዎች ከድሮ የሮማውያንና የቪሲጎቶች (ከሮማውያን በኋላ ስፔንን የገዙት ናቸው) ሕንፃዎች ነው የለቀሙት። ምሰሶዎቹ አጠሩ። ጣሪያው ከፍ እንዲል ቅስት በቅስት ላይ ደረቡ። ችግር በቅቤ ያስበላል ይሉሃል ይሄ ነው!

በ1236 ከተማዋ በክርስቲያኑ የካስቲያ ግዛት ንጉሥ በፈርዲናንድ 3ኛ እጅ ስትገባ መስጊዱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1523 ደግሞ መሃሉን አፍርሰው ትልቅ ካቴድራል መትከል ጀመሩ። የሚገርመው፣ የከተማው ምክር ቤት ራሱ ተቃውሟል። ለማፍረስ እጁን ያነሳ ሠራተኛ በሞት ይቀጣል እስከማለት ደርሶ ነበር። ንጉሥ ካርሎስ ግን ለካህናቱ ፈቀደ።

እኔ ከምክር ቤቱ ጋር ነኝ። አንዱ የክፍላችን ልጅ ግን "ካቴድራል ባይሆን ኖሮ ሕንፃው ጭራሽ አይተርፍም ነበር" ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩ ካፌ ድረስ ተከተለን። ለነገ የሚነበበው ገና አልተነካም።