የሚፈልጉኝ መስሎኝ

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የልደት ሰርተፍኬት ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። 12 ዓመት ሠርቼበታለሁ። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ደብዳቤ ይዘው መጡ። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ጋ ለመሄድ አመልክተው ነበር። የዚያን ቀን ሙቀቱ አይጣል ነው። ወረፋው በር ድረስ ነው፣ መብራቱ ልሂድ ልሂድ ይላል። ደብዳቤው ፋይሉ «ፎር ዎንት ኦፍ ዶክመንትስ» ተዘግቷል ይላል። ዎንትን ማን አያውቀውም? ሁለተኛ ክፍል የተማርነው ቃል ነው።

«እማማ፣ ሰነድ ስለሚፈልጉ ለጊዜው ዘግተውታል» አልኳቸው።

«ለጊዜው» የምትለዋን ከየት እንዳመጣኋት እስካሁን አላውቅም።

ደስ ብሏቸው ሄዱ። ቀበሌ ተመላለሱ፣ ሰነዱን አሟልተው ላኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። ፋይሉ ድሮ ተዘግቷል፤ እንደ አዲስ ማመልከት፣ እንደ አዲስ መክፈል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ደግሜ አነበብኩት። ሰነድ ስለሚፈልጉ ሳይሆን ሰነድ ስለጎደለ ነው የዘጉት።

«እኔ እኮ የሚፈልጉኝ መስሎኝ ነው» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ቃሉን ሳሳድድ አመሸሁ። ዎንት እንግሊዞች ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የወሰዱት ቃል ነው። በጥንቱ ኖርስኛ «ቫንታ» ማለት መጉደል፣ ማጣት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1200 ገደማ ሲሆን፣ ያኔ ማጣት እንጂ መፈለግ አልነበረም። መፈለግ የሚለው ትርጉም የተለመደው 500 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1700ዎቹ ነው። የጎደለው ሰው መፈለጉ አይቀርም፤ ቃሉም አብሮት ሄደ። አሮጌው ትርጉም ግን አልሞተም። ፍርድ ቤትና ቢሮ ውስጥ ተሸሽጎ እንደኔ ያለውን ይጠብቃል።

በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም መዝሙር 23 ላይ «አይ ሻል ኖት ዎንት» ይላል። ልጄን ተርጉም አልኩት። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፣ አልፈልግም!» አለ። ሳቅኩበት፤ ከኔ ግን በምን አነሰ? አማርኛው «የሚያሳጣኝም የለም» ነው። እናቴ በግዕዝ ዳዊቷ የምትደግመው «ወአልቦ ዘየኀጥአኒ» ነው። ኀጥአ ማለት አጣ ማለት ነው። «ኃጢአት»ም ከነዚሁ ፊደላት ነው የሚወጣው፤ እሱን ግን ለመርጌቶች ልተወው።

የእኛው «ፈለገ» በሌላ በር ነው የገባው። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ኪሱን እየዳበሰ፣ አልጋ ሥር እያጎነበሰ ይፈልጋል። ሽሮ ያማረውም ሽሮ ይፈልጋል። ኦሮምኛም እንዲሁ ነው። ገበያ ውስጥ «ማል በርባዳ?» የምትለኝ ሽንኩርት ሻጭ ምን ፈለግህ ማለቷ ነው፤ የጠፋ ዕቃ ፍለጋም በዚያው ቃል ነው።

ግን ባለቤቴ ወጥ ቀምሳ «ጨው ይፈልጋል» ስትልስ? ወጥ ምን ይፈልጋል! ጎድሎታል ማለቷ ነው። እነሱ ከማጣት ተነስተው መፈለግ ጋ ደረሱ፣ እኛ ከመፈለግ ተነስተን ማጣት ጋ። እኔ መሐል መንገድ ላይ ወደቅኩ።

አዲሱን ቅጽ በነጻ ሞላሁላቸው። ከክፍያውም ግማሹን ቻልኩ፤ ባለቤቴ ይህን አታውቅም። ኢሜይል በሚለው ቦታ የእኔን አስገባሁ፣ እሳቸው የላቸውም። አሁን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሬ ላይ ቆም ይላሉ።

«እማማ፣ ምን ፈለጉ?»

«ኧረ ምንም አልፈልግ ልጄ። መልስ መጣ ወይ ብዬ ነው።»