ልኬት ለሙሉ ጥርስ

ዛሬ አንድም ጥርስ ላልቀራቸው እናት የሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ልኬት ወሰድኩ። የላይኛው ብዙም አያስቸግርም፤ ላንቃው ሰፊ ስለሆነ ይይዛል። ፈተናው የታችኛው ነው። ጥርስ ካለቀ በኋላ የታችኛው አጥንት ከላይኛው 4 እጥፍ ገደማ ይመነምናል፤ ምላስም አያርፍም። «እማማ፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ አይዞዎት» እያልኩ ማቅለሽለሹን አሳለፍነው።

በአልጂኔት (በውሃ ተቦክቶ የአፍን ቅርጽ በሚይዝ ዱቄት) የተወሰደው የመጀመሪያ ልኬት ብቻውን አይበቃም። ከእሱ በሚወጣው የአፍ ሞዴል ላይ ለእሳቸው ብቻ የሚሆን ትሬይ (የልኬቱን ማቴሪያል አፍ ውስጥ የሚይዝ ሳህን) ይሠራል፤ ጠርዙ ላይ የሚደረገው ኮምፓውንድ (ሰም መሰል ነገር) በሙቀት ለስልሶ የከንፈርና የጉንጭን እንቅስቃሴ ይቀርጻል። እዚህ ላይ መቸኮል በፍጹም አልወድም። ጠርዙ ከረዘመ ድድ ያቆስላል፤ ካጠረ ጥርሱ ሲያወሩ ይነሳል።

አሮጌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ወላጆች ያሏችሁ፣ እባካችሁ ለአዲስ ልኬት ከመምጣታቸው 1 ቀን በፊት ያውልቁት፤ የተጫነው ድድ ወደ ቦታው እንዲመለስ።