12 እና 12 እኩል ሲመጡ (ሂግስ ላይ የደረስኩበት)

ሰላም የፊዚክስ ወዳጆች። ሂግስ ፊልድ ለቅንጣቶች ማስ እንዴት እንደሚሰጥ ሳጠና ስንት ጊዜ ሲያዞረኝ የነበረው የጎልድስቶን ነገር (ማስ የሌላቸው ቅንጣቶች መምጣት አለባቸው የሚለው) በመጨረሻ ገብቶኛል፣ እቤት ስናገር ደግሞ ሰሚ አጣሁ፣ ባለቤቴ "ታዲያ ይሄን ስላወቅክ ደሞዝ ይጨምሩልሃል?" ብላኝ ወደ ስራዋ ስለሄደች ለናንተ ልጻፈው።

መጀመሪያ ላይ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ላግራንዢያን (የቲዎሪው ሕግ በሙሉ የሚወጣበት አንድ እኩልታ) ምን እንደሆነ ካወቃችሁና ትንሽ ሬላቲቪቲ ካላችሁ ትጀምራላችሁ። ላግራንዢያኑ ውስጥ አንድ ፊልድ ስኩዌር ሆኖ ብቻውን ከመጣ ፊቱ ያለው ቁጥር የቅንጣቱን ማስ ይነግራችኋል፣ በቃ ይሄው ነው። ጣጣው የደካማው ኃይል ተሸካሚዎች ደብልዩ እና ዜድ ላይ ነው፣ ለነሱ እንደዛ አይነት ተርም ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁ ጌጅ ሲሜትሪው (ፊልዶቹን በየቦታው ለየብቻ ብታዞሯቸውም እኩልታው አለመለወጡ) ይፈርሳል፣ እሱ ከፈረሰ ደግሞ ቲዎሪው ስሌት ላይ ይበላሻል። በተግባር ግን ደብልዩ ወደ 80.4 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ከዚህ በኋላ ጂኢቪ ልበለው) ነው፣ ዜድ 91.2። ፕሮቶን እኮ አንድ እንኳን አይሞላም! ስለዚህ ማሱ ከሌላ መንገድ መምጣት አለበት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናገር። "ሂግስ ፊልድ እንደ ጭቃ ነው፣ ቅንጣቶቹን እየያዘ ያከብዳቸዋል" የሚሉ ቪዲዮዎችን አትዩ። ጭቃ የሚሄደውን ነገር ያቆማል፣ ኤሌክትሮን ግን ማስ እያለው ባዶ ቦታ ላይ በአንድ ፍጥነት እስከፈለገው ይሄዳል፣ የሚያቆመው የለም። ማስ የሚታገለው የፍጥነት ለውጥን እንጂ ፍጥነትን አይደለም። እኔን ይሄ ምሳሌ ብዙ ወደኋላ አስቀርቶኛል።

ይልቅ የሂግስ ፊልዱን ፖቴንሺያል (በየፊልዱ ዋጋ ያለውን ኢነርጂ) ወረቀት ላይ ሳሉት፣ ፋይ የፊልዱ ዋጋ ነው፣ ሚውና ላምዳ ቋሚ ቁጥሮች፣ ሲቀነስ ሚው ስኩዌር ፋይ ስኩዌር ለሁለት፣ ሲደመር ላምዳ ፋይ አራተኛ ለአራት። ዲፈረንሺየት አድርጋችሁ ዜሮ ስትሉት ዝቅተኛው ቦታ ፋይ ዜሮ የሆነበት ሳይሆን ስኩዌሩ ሚው ስኩዌር ለላምዳ የሆነበት ሆኖ ታገኙታላችሁ። የዛ ቦታ ፋይ ቪ ይባላል፣ በተፈጥሮ 246 ጂኢቪ ነው። እኩልታው አሁንም ሲሜትሪክ ነው፣ ፊልዱ የተቀመጠበት ቦታ ግን አይደለም፣ ሲሜትሪ ተሰበረ የሚሉት ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ያዞረኝ ነገር። ጎልድስቶን በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ ኮንቲኒዩስ የሆነ (እንደ ክብ በፈለጋችሁት መጠን የሚዞር) ሲሜትሪ እንዲህ በተሰበረ ቁጥር ማስ የሌላቸው ቅንጣቶች የግድ ብቅ እንደሚሉ ነው። የታሉ ታዲያ? ማንም አላያቸውም። በ1964 ብሩት እና ኤንግለርት፣ ሂግስ ለብቻው፣ ከዛ ጉራልኒክ፣ ሄገን እና ኪብል፣ ጌጅ ፊልድ ካለ ጎልድስቶኑ እሱ ውስጥ እንደሚገባና ፊልዱ ማስ እንደሚያገኝ አወጡ። እኔ የያዝኩት መጽሐፍ ይሄን በአንድ መስመር አልፎታል። ደጋግሜ አነበብኩት፣ ወፍ የለም።

የፈታልኝ ቀላሉ ሞዴል ነው፣ አንድ ኮምፕሌክስ ፊልድና አንድ ፎቶን መሰል ፊልድ "ኤ" ብቻ ያለበት። ፊልዱን በሪልና ኢማጂነሪ አትጻፉት፣ በራዲየስና በአንግል ጻፉት፣ ራዲየሱ ቪ ሲደመር ትንሽ ንዝረት፣ አንግሉ ቴታ። ዴሪቬቲቩን አስልታችሁ ስኩዌር ስታደርጉት ቴታ ብቻውን የትም አይገኝም! ሁልጊዜ የሚመጣው የቴታ ግራዲየንት ሲቀነስ ቻርጅ ሲባዛ ኤ ሆኖ አንድ ቅንፍ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ያንን ቅንፍ በሙሉ ለቻርጁ አካፍላችሁ "ቢ" የሚል አዲስ ስም ስትሰጡት ቴታ ከገጹ ይጠፋል። የኤሌክትሪክና የማግኔት ክፍሉ አይነካም፣ የግራዲየንት ከርል ዜሮ ነዋ። የቀረው ምንድነው? የራዲየሱ ስኩዌር ሲባዛ ቢ ስኩዌር። ራዲየሱ ደግሞ ውስጡ ቪ አለ፣ ስለዚህ ቢ ስኩዌር ፊቱ ቋሚ ቁጥር ይዞ ቁጭ ብሏል፣ ማሱም ቻርጅ ሲባዛ ቪ። ይሄን ሳየው ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ከዛ ቁጠሩ። ማስ የሌለው ጌጅ ቅንጣት ሁለት ፖላራይዜሽን (የመወዛወዝ አቅጣጫ) አለው፣ ማስ ያለው ሶስት፣ ሶስተኛው ያ የጠፋው ቴታ ነው። በእውነተኛው ቲዎሪ ከመሰበሩ በፊት አራት ጌጅ ፊልዶች በሁለት በሁለት 8፣ ሂግስ ፊልዱ ውስጥ 4፣ ድምር 12። ከተሰበረ በኋላ ሁለቱ ደብልዩዎችና ዜድ በሶስት በሶስት 9፣ ፎቶን 2፣ የቀረችው አንዷ ራሷ ሂግስ ቦሶን፣ 12። አንድም አልጠፋም።

ለዚህ ስሌት ፓይተን አትክፈቱ። ሲምፓይን (በፓይተን አልጀብራ የሚሰራውን) እወደዋለሁ፣ ግን መልሱን ይሰጣችሁና ቅንፉን ሳታዩት ታልፋላችሁ። እርሳስና ባለካሬ ደብተር ይበቃል። ቁጥር ለመሞከር ከሆነ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይሰራል፣ የደካማው ኃይል ኮንስታንት 0.65 ገደማ ነው፣ በ246 አባዝታችሁ ለሁለት ስታካፍሉ 80 ይመጣል። ሂግስ ቦሶን 125 ጂኢቪ መሆኑ ደግሞ የተለካ ነው፣ ሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል) ላይ አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት ሙከራዎች ጁላይ 4 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. መገኘቱን ካሳወቁበት ጊዜ ጀምሮ። ከሱ ላምዳን ብትፈልጉ ወደ 0.13 ነው። (ብሩት በ2011 ስላረፈ ይሄን ሳያይ ነው የቀረው፣ በ2013 ኖቤሉን ኤንግለርትና ሂግስ ወሰዱ።)

ኤሌክትሮንና ኳርክ ማስ የሚያገኙት በሌላ ተርም ነው፣ እሱ ግን አላስደሰተኝም። ለእያንዳንዱ ቅንጣት አንድ ቁጥር በእጅ ይገባል፣ ለቶፕ ኳርክ 1 አካባቢ፣ ለኤሌክትሮን 0.000003 ገደማ፣ ለምን ብትሉ ቲዎሪው መልስ የለውም። ደግሞ "የሁሉ ነገር ማስ ከሂግስ ነው" የሚል ካጋጠማችሁ አትቀበሉ፣ ፕሮቶን ውስጥ የኳርኮቹ የራሳቸው ማስ ከመቶ አንድ ገደማ ነው፣ ሌላው የጠንካራው ኃይል ኢነርጂ ነው።

ግሩፕ ቲዎሪውን ግን እውነቱን ለመናገር ዘልዬዋለሁ። ፎቶን ለምን ማስ እንደማያገኝ፣ የዋይንበርግ አንግል (ፎቶንና ዜድን ለማግኘት ፊልዶቹ የሚደባለቁበት ልክ) ከየት እንደሚመጣ ለጊዜው አምኜ ነው የተቀበልኩት። አሁን የያዝኩት እሱን ነው፣ አራቱን ፊልዶች በሁለት በሁለት ማትሪክስ ጽፌ እየደባለቅኩ ነው፣ በእርሳስ የሰራው ካለ የደብተሩን ፎቶ ቢልክልኝ ውለታው ትልቅ ነው፣ ቪዲዮ ሊንክ ግን በናታችሁ አትላኩልኝ።