መቀሱን ለጊዜው አስቀምጡት

ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ ክው አልኩ። ትናንት አረንጓዴ የነበረው ቅጠል ጠቁሮ፣ ረግቦ፣ ፈላ ውሃ የተደፋበት መስሏል። ሌሊቱ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ነበር፤ ውርጭ የሚበረታው እንዲህ ባለው ሌሊት ነው። ደመና ስለሌለ የመሬቱ ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል፣ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና እዚያው ይተኛል። ዝቅ ያለው ጥግ እንዳለ ሲመታ ግድግዳ የተጠጋው ጽጌረዳ ምንም ያልሆነው ለዚህ ነው።

እንዲህ ሲሆን ሰው ቶሎ መቀስ ያነሳል። እኔም የዛሬ 3 ዓመት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሮማኔ ደርቋል ብዬ ከነሥሩ ነቀልኩት። ሥሩን ስቆርጠው ግን ውስጡ ነጭና እርጥብ ነበር፤ የግንዱም የታችኛው ክፍል ገና አረንጓዴ ነው። ትንሽ ብታገሠው ከሥር ያቆጠቁጥ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን መጀመሪያ የማደርገው ቅርፊቱን በጥፍሬ ጫር ማድረግ ነው። ከቅርንጫፉ ጫፍ ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ክፍል አልቆለታል፣ ግን ትንሽ ወረድ ብላችሁ ደግሞ ሞክሩ። አንድ ቦታ ብቻ ጭራችሁ አትፍረዱ። ቅጠሉን አይቶ መፍረድማ ጭራሽ አይሆንም፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው፦ በሴሎቹ መካከል ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ ከውስጣቸው እርጥበቱን ይመጥጠዋል፣ በረዶው ሲቀልጥም ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል።

እምቡጥ ካለ አንድ ሁለቱን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቃችሁ እዩ። መሃሉ ከጠቆረ ሞቷል። አበባው የፈነዳ የፖም ዛፍ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከ10 አበባ አንዱን ያህል ያጣል፤ ወደ 4 ከወረደ ግን ከ10ሩ 9ኙ ይሄዳሉ። ሁለት ዲግሪ ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች!

በማሰሮ የተተከሉትን ለብቻ እዩአቸው። መሬት ውስጥ ያለ ሥር አፈሩ ይሸፍነዋል፣ የማሰሮው ግን ብርዱ ከዙሪያው ይገባበታል፣ ስለዚህ ላዩ ደህና መስሎ ሥሩ የሞተ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብላችሁ አውጥታችሁ ሥሩን ንኩት፤ ከላሸቀና ከጠቆረ መጥፎ ነው። የአፈሩ ውሃ በረዶ ሲሠራና ሲቀልጥ ወደ ላይ የተገፋ ችግኝ ካያችሁም በእጃችሁ መልሳችሁ ጫን አድርጉት፣ ሥሩ ለነፋስ ተጋልጦ እንዳይደርቅ።

የላሸቀና መሽተት የጀመረ ነገር ካለ እሱን አሁኑኑ ቁረጡት፣ መበስበሱ ወደ ታች እንዳይወርድ። የደረቀውን ግን ተዉት። የሞተው ቅጠል ከሥሩ ላለው ሽፋን ይሆነዋል፤ አሁን ከገረዛችሁት ደግሞ ለጋ ቀንበጥ ያወጣና ቀጣዩ ውርጭ እሱንም ይጨርሰዋል። ማዳበሪያም አትስጡ፣ ያው ለጋ ቀንበጥ ነው የሚያስወጣው። አፈሩ ከደረቀ ግን ውሃ አጠጡ። በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለ ዛፍ ካላችሁ፣ አዲሱ ቀንበጥ ከመገጣጠሚያው በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ልብ በሉ፤ ከታች ከሆነ የሚበቅለው የምትፈልጉት ዓይነት አይደለም።

ሎሚዬን ትናንት ስጭረው እስከ ወገቡ ድረስ ቡናማ ነው፣ ከዚያ በታች አረንጓዴ። ድንበሩ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ሲያቆጠቁጥ ከየት እንደምቆርጥ ያኔ አያለሁ።